ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሞተር አይፈታ

አሮጌ መኪና ይዘን ድንበር ለድንበር የምንሠራ ሰዎች በስልክ ከምንሰማው ሁሉ የሚያስደነግጠን አንድ አጭር ንግግር አለ፦ «አንድ ድምፅ አለ።» ዕቃው ተጭኗል፣ ተረካቢው ሞያሌ ላይ ይጠብቃል፣ ጭነቱ አትክልት ከሆነ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደረጋል። አንዱ ባለንብረት «ግድ የለም፣ ይድረስና ይታያል» ይላል። ሌላው ይደነግጥና መኪናውን ያገኘው ጋራዥ አስገብቶ «ይከፈትና ይታይ» ይላል።

እኛ ሁለቱም ኪሳራ ነው እንላለን። የመጀመሪያው ትንሹን ብልሽት ትልቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ ያልታመመውን ሞተር በገንዘባችን ያስፈታል። በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አለ፤ እሱም ድምፁ ከየት፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመጣ ለይቶ ማወቅ ነው። ይህ ሥራ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። የባለንብረቱም፣ የሾፌሩም፣ ዕቃ የምንጭነው የእኛም ነው።

አሮጌ መኪና ከእጃችን በቅርቡ አይወጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። ኬንያም ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን መኪና አታስገባም። ስለዚህ በሁለቱም ወገን አገር ውስጥ የገባው መኪና እየታደሰ ይኖራል። ሞተር ተቀይሮለታል፣ ካምቢዮ ተቀይሮለታል፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚለውን ደግሞ የሚያምን የለም። እንዲህ ያለ መኪና ላይ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ተቀምጧል፤ የዕቁብ፣ የብድር፣ ከአረብ አገር እህት የላከችው። ድምፁን ዝም ብሎ ማለፍ በዚህ ሁሉ ላይ መጫወት ነው።

«ይከፈትና ይታይ» የሚለው አነጋገር ለምን ውድ እንደሆነ በሒሳብ እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ አይሱዙ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ እንበል። መጀመሪያ «ኢንጀክተር ነው» ተባለና 20,000 ብር ወጣ፤ ድምፁ አለ። ቀጥሎ «ቫልቭ ነው» ተባለና ቴስታታው ወርዶ 30,000 ብር ወጣ፤ ድምፁ አሁንም አለ። በመጨረሻ የጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ተገኘ። 50,000 ብር የወጣው ለጥገና ሳይሆን ለግምት ነው። በንግድ ሥራ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አይወጣም፤ በመኪናም ላይ ያለ ምርመራ መውጣት የለበትም።

እንግዲህ ምርመራው ምን ይመስላል? የመጀመሪያው ጥያቄ ድምፁ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ ጎማውን የሚል ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ፣ ማርሹ ባዶ ይሁን። ከዚያ ነዳጅ ሲሰጠው ቆሞም ድምፁ ካለና ከሞተሩ ጋር አብሮ ከፈጠነ ነገሩ ያለው ሞተሩ አካባቢ ነው። ቆሞ ከሌለና ሲሄድ ብቻ ከመጣ ግን ሞተሩን የሚያስነካ ምክንያት የለም። የጎማ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ፣ ዲፈረንሻል ወይም ጎማው ራሱ ይፈተሽ። መሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ጩኸቱ ከፍና ዝቅ ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ኩሽኔታ ነው። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስንት ሞተር በከንቱ ከመፈታት ያድናል።

ሁለተኛው የፍሪሲዮን ፈተና ነው። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ሲረገጥ ከመጣና ሲለቀቅ ከጠፋ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም ከሞተሩ ውጪ ናቸው። ግን ከመቀመጫው ሥር ስለሚሰሙ «ሞተሩ ጮኸ» ይባላል።

ሦስተኛው የቺንጋ ፈተና ነው። ጠዋት ሲነሳ ሲጢጥ የሚል፣ መብራትና ቬንቲሌተር ሲበራ የሚብስ ጩኸት ብዙ ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቺንጋው ላይ ከራቅ ብሎ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግ ድምፁ ለጊዜው ከተለወጠ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ድምፁ ፉጨት ሳይሆን ማጓራት ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይውጣ፤ ከዚያ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ሞተሩ ይነሳ። ድምፁ ከጠፋ ያለው ዲናሞው፣ የውሃ ፓምፑ ወይም የቺንጋ መወጠሪያው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ማሠራት ግን አይገባም፤ በብዙ መኪና ላይ ውሃውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። እህቶቻችንን ደግሞ አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ ነጠላም ሆነ ሻርፕ አውልቃችሁ ነው ወደ ሚሠራ ሞተር የምትጠጉት። ቺንጋና ቬንቲላተር ጨርቅ ከያዙ አይለቁም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሞተሩ ይገባል። እዚህ ላይ ጠቃሚው ጥያቄ «መቼ» የሚል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጠቅ ጠቅ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ማስተንፈስ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ክፍተቱን ይዘጋዋል። በመገናኛው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለ ምስክር ነው። ያረጀ ፒስተንም በቀዝቃዛ ሞተር ያንኳኳና ሲሞቅ ይቀንሳል። የቫልቭ ክፍተት ሲሰፋ ደግሞ ቀጭን ጠቅጠቅታ ከሞተሩ አናት ይሰማል፤ በአሮጌ አይሱዙዎች ላይ ክፍተቱን በመለኪያ ማስተካከል ከሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው።

የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛ ሳለ የሌለ፣ ሲሞቅ የሚመጣ፣ ዳገት ላይና ጭነት ሲኖር የሚጠነክር፣ ከሞተሩ ታች የሚሰማ ወፍራም ድው ድውታ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት የተበላ ብሮንዚና ላይ መቆየት አይችልም። ቢዬላው ኮሎዶካውን በቀጥታ መምታት ይጀምራል። ይህ ድምፅ ከተሰማ፣ ከዚህም ጋር የዘይት መብራት ከበራ፣ «የሚቀጥለው ከተማ ድረስ» የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ እዚያው ይጠፋል፣ መኪናው ይጎተታል። የመጎተቻ ዋጋ ምንም ያህል ቢመር ቢዬላ ወጥቶ ከበሳው የሞተር አካል ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ይህን የምንለው የመንገዳችንን ጠባይ ስለምናውቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ ጠዋቱ ብርድ ነው። መኪና እዚያ ጠዋት ሲፈተሽ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ የታመመ ብሮንዚና ዝም ይላል። ያው መኪና ተጭኖ አዋሽን አልፎ ወደ ሚሌና ጋላፊ ሲወርድ፣ ወይም ከያቤሎ ወዲያ በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ ሲዘልቅ፣ ሙቀቱና ጭነቱ አንድ ላይ ይመጡበታል። ሾፌሩ «አዲስ አበባ ላይ አልነበረም» ሲል አልዋሸም። ስለዚህ ቆላ ለሚወርድ መኪና የሚበቃው ፈተና ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቢያንስ አንድ ዳገት ወጥቶ የተደመጠበት ብቻ ነው።

ዝም የሚያሰኙ ዘዴዎች መኖራቸውንም አንርሳ። መኪና ሊሸጥ ሲል ወይም ሊከራይ ሲል ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘይት ይሞላበታል፤ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ይደበቃል። ዘይት ወፍራም በመሆኑ የተበላ ብረት አይድንም። እንዲያውም በብርድ ጠዋት ዘይቱ ወደ ሞተሩ አናት ለመድረስ ይዘገያል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ። መኪና ስትገዙ ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ከጠበቃችሁ «ይቀዝቅዝና ነገ ጠዋት እንመለሳለን» በሉ። ሻጩ እንቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ድምፁ ከሞተሩ ውስጥ መሆኑ ከተረጋገጠ እንኳ ለመፈታት ገና ነው። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ሥር አጥንት ላይ አድርጎ ቦታ እየቀያየሩ ማዳመጥ ይቻላል፤ ከሚሽከረከር ነገር በሚገባ ርቆ። ናፍጣው በሜካኒካል ፓምፕ የሚሰጥ አሮጌ ሞተር ከሆነ ልምድ ያለው መካኒክ የኢንጀክተር ቱቦዎችን በተራ ላላ እያደረገ የትኛው ሲሊንደር ሲቋረጥ ድምፁ እንደሚለወጥ ይሰማል። በአንዱ ላይ ድው ድውታው ከቀነሰ የሚፈለገው ቦታ ታወቀ ማለት ነው። ይህ ግን ኮመን ሬይል በሚባሉት በኋላ ዘመን ሞተሮች ላይ በፍጹም አይሞከርም። እዚያ ያለው የነዳጅ ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚበልጥ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሞተሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይጠይቅ ኪያቤ የሚያነሳ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ዘይቱም ይናገራል። ዘይት ሲቀየር በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጣርቶ በፀሐይ ይታይ። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ወይም መዳብ መሰል ብናኝ ካለ ብሮንዚና እየተበላ ነው። ማግኔት የሚይዘው ብናኝ የብረት ነው። አሮጌው ፊልትሮ ተቆርጦ ውስጡ ቢታይ ደግሞ ከማንም ሰው ቃል ይልቅ ይታመናል። ምንም ከሌለ ሞተር ይውረድ የሚለው ሰው ምክንያቱን እንደገና ያስረዳ።

«በኮምፒውተር ይታይልን» የሚሉም አሉ። ለአዳዲስ መኪናዎች መልካም ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሴንሰር ያየውን ነው። ሴንሰር የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር የሚነግረው የለም፤ የላላ ክሮቼራንም ኮምፒውተር አይሰማም። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም ጥፋት ድምፅ የለውም። አሮጌዎቹ የሃይኤስ ናፍጣ ሞተሮች ቫልቩን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ሲበጠስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይጮኽም፤ ቫልቭና ፒስተን ያጋጫል። ማድመጥ መዝገብ መያዝን አይተካም የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ለድምፁ የመጀመሪያው ምስክር ሾፌሩ ነው። አንዳንድ ባለንብረት ግን ሾፌር «ድምፅ አለ» ሲል «ምን አደረግኸው?» ብሎ ይጀምራል። የቆመበት ቀን አበል ይቆረጣል፣ ብልሽቱም በእሱ ይሳበባል። እንዲህ የተደረገበት ሾፌር በሚቀጥለው ጊዜ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይነዳል። የሚነዳው ደግሞ ሌሊት፣ ቁልቁለት ላይ፣ ሰውና ከብት ባለበት መንገድ ነው። ስለ ድምፅ የተናገረ ሾፌር ሊመሰገን ይገባል፤ ለዚያ ምርመራ የቆመበት ቀን አበሉም ሊከፈለው ይገባል። ይህን የምንለው ከደግነት ብቻ አይደለም፤ ከሞተር ዕድሳት ርካሽ ስለሆነ ነው።

ዕቃ ጫኝ የሆንነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ሞያሌ ላይ ጭነታችን ብዙ ጊዜ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ ያላየነውን መኪና እዚያው እንከራያለን። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ቢሆንም ከሞያሌ ማርሳቢት፣ ከማርሳቢት ኢሲዮሎ ያለው ርቀት በረሃ ነው፤ ጋራዥ እንደ ልብ አይገኝም። በዋጋ ስንከራከር ግማሽ ቀን እናጠፋለን። ከመጫናችን በፊት «ሞተሩን አስነሳልን፣ ትንሽ ዞር አድርግልን» ለማለት አሥር ደቂቃ ብንወስድ ማንም አይቀየመንም። «ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?» የሚል ካለ ይበል። ዕቃው የማን እንደሆነ እናውቃለን።

በኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚመኩም አሉ። ቢጫ ካርድ በሌላ አገር መኪናችን በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሆን መድን ነው። ለሞተር ብልሽት፣ ለመጎተቻ፣ ለተበላሸ ቲማቲም አይከፍልም። ከድንበሩ ወዲያ የሚቆም መኪና ወጪው ሁሉ ከእኛ ኪስ ነው። በዚያ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። ኬንያ ውስጥ መካኒክ ፉንዲ ይባላል። ፉንዲው ዘንድ ሄዶ በጣት ሞተር ማሳየት ወደዚያው «ይከፈትና ይታይ» ይመልሰናል። ጥቂት ቃል መያዝ ይበቃል፦ «ኢናጎንጋ» ያንኳኳል ማለት ነው፤ «ባሪዲ» ቀዝቃዛ፣ «ሞቶ» ሙቅ። ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚለውን መናገር የቻለ ደንበኛ ሞተሩ እንዲሁ በቀላሉ አይፈታበትም።

መለዋወጫ የሚገዛም ከሆነ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድ፣ የሞተሩን ዓይነት ከሊብሬው ሳይሆን ከሞተሩ አካል ላይ አንብቦ ይሂድ። አሮጌ መኪና ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። 4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችጂ1 የሚባሉት የአይሱዙ ሞተሮች በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ፒስተናቸው ግን አንድ አይደለም። የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ድንበር መመለስ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

መካኒኮችንም በድለናቸው እንዳናልፍ። ብዙዎቹ ጆሮአቸው ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ችግሩ እኛ የምንከፍለው ለፈቱት ብሎን እንጂ ላደመጡት ሰዓት አለመሆኑ ነው። አዳምጦ «ይህ የዲናሞ ኩሽኔታ ነው፣ ሂዱ ቀይሩት» ያለን ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ሞተር ያወረደው ግን ጥሩ ይከፈለዋል። እንዲህ እየከፈልን ሞተር ለምን ይፈታል ብለን ማማረር አንችልም። የምርመራ ዋጋ ለብቻው ይነገር፣ ለብቻው ይከፈል። ብልሽቱ የት እንደሆነ በምን እንዳወቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረን። ከዚያ በኋላ ነው የጥገናው ዋጋ የሚወራው። የወጣው አሮጌ ዕቃም ለባለንብረቱ ይመለስ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ድምፁ የተሰማበት ቀን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ፣ ቆሞ ወይም ሲሄድ፣ ባዶ ወይም ተጭኖ፣ የዘይቱ መጠን፣ የተደረገው ነገርና የወጣው ብር። ሾፌር ቢቀየር ደብተሩ አይቀየርም። መካኒክ ቢቀየርም ያለፈው ሰው የነካውን ያነባል። ከሦስት ወር በኋላ ይህ ደብተር መኪናው ያገባውንና የበላውን ያሳያል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ይህን መኪና ከማደስ መሸጥ ይሻላል» ይላል። ያም መልስ ነው፤ ቤተሰቡ ተጨማሪ ብድር ከመግባቱ በፊት ከመጣ ደግሞ ጥሩ መልስ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። በዚህ ሳምንት የሚጫን መኪና ያላችሁ፣ ሾፌሩን ደውላችሁ ስትጠይቁ «ደረስክ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «መኪናው ምን ይላል?» በሉት። የሚናገረውን ጻፉ። እሱ የነገራችሁ እስኪፈተሽ ድረስ ማንም ኪያቤ አያንሳ፣ ማንም ጭነት አይጨምር።